የወፍጮ ጌጅ ያሰረው ኦራል

አንድ ኦራል መኪና ነበረ። ቀጥዬ የምነግራችሁን እንደማታምኑኝ በአቡዬ እምላለሁ። እኔም ስሰማው አላመንኩም ነበር፤ ግን የነገረኝ ሰው ሲነግረኝ ጭራሽ ስላልሳቀ ደነገጥኩና አመንኩ።

ኦራሉ የወታደር ነው። ሥራው ከቆላው ምንጭ ውኃ እየጫነ ኮረብታ ላይ ላለ የጦር ሰፈር ማድረስ ነበር። ኮረብታው እንዴት ያለ ብቸኛ ኮረብታ መሰላችሁ! ንፋስ እንኳ ተመድቦበት ካልሆነ በፈቃዱ አይደርስበትም። የገደል ማሚቶዋ ሰው ናፍቋት ናፍቋት፣ አንድ ሰው ጮክ ያለ እንደሆነ የተናገረውን በመመለስ ፈንታ "ማነህ? ከየት መጣህ? እስቲ አረፍ በል!" ትላለች አሉ።

የኦራሉ ሾፌር አስር አለቃ ስንሻው ይባላል። ይባላል ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ የሚለውስ አልነበረም። ሌሎቹ ወታደሮች ክረምት በወጣ ቁጥር ይቀየራሉ። እሱ ግን ያንን መኪና ከእሱ በቀር የሚያስነሳው ሰው ስለሌለ አይቀየርም። አዲስ የመጣው ሁሉ "ሾፌር" ብሎ ይጠራዋል፣ "ሾፌር" እንዳለው ይሄዳል። በዓለም ላይ ስሙን የሚያውቀው ኦራሉ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሲያዞረው፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት "ሽንሻው... ሽንሻው... ሽንሻው..." ይላል። ስንሻውም "አቤት!" ይላል። አንዳንድ ቀን መኪናው በአንድ ጊዜ ከተነሳ ይከፋዋል፤ አጥፍቶ ደግሞ ያስነሳዋል።

ታዲያ አንድ የክረምት ቀን ዳገቱን አጋምሰው ሳለ የዘይቷ ጌጅ ቀስት ዜሮ ላይ ዱብ አለች። ጌጅ ማለት እዚያ ሾፌሩ ፊት የምትቀመጥ፣ ሰዓት የምትመስል ክብ ነገር ናት፤ ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ በምን ያህል ግፊት እንደሚዞር በቁጥር ትናገራለች። ዜሮ ካለች ዘይት አይዞርም ማለት ነው። ዘይት የማይዞርበት ሞተር ደግሞ ብረት ከብረት ተፋጭቶ ተጣብቆ ይቀራል።

ስንሻው መኪናውን አቁሞ ዘይቱን በዘንጉ ለካ፤ ሞልቷል። አስነሳና ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ለጠፈ፤ ሞተሩ የጠገበች ድመት ይመስል ያንኮራፋል። "አንተስ ጤነኛ ነህ፤ የምትዋሸው እሷ ናት" አለው። ጌጇን ፈትቶ እንዳያይ ግን ዳሽቦርዱ በመንግሥት የእርሳስ ማኅተም የታሸገ ነው፤ ማኅተሙን መበጠስ የሚችለው ሻምበሉ ብቻ ነው። ሻምበል አምሃ ደግሞ ከሸለቆው ማዶ፣ ዋናው ሰፈር ውስጥ ነው ያለው። በሬዲዮ ጠራው።

"ጌታዬ፣ የኦራሉ ዘይት ጌጅ ዜሮ ላይ ቆሟል። ሞተሩ ግን ደህና ነው።"

"ጌጁ ዜሮ ካለ ሞተሩ ሞቷል።"

"እየሠራ ነው እኮ ጌታዬ፤ ይስሙት።" መነጋገሪያውን ወደ ሞተሩ ዘረጋ።

"ሰማሁት። የሞተ ነው። ዝናቡ ሲያባራ መጥቼ አስጎትተዋለሁ፤ ለቁርጥራጭ ይሰጣል። እስከዚያ እንደምንም አመላልስበት። አንተ ከዚያ በኋላ ማማ ላይ ጥበቃ ትቆማለህ።"

ማማው እኮ የኮረብታው ጫፍ ላይ ያለ ነው። እዚያ የወጣ ሰው ከደመና በቀር ጎረቤት የለውም። "ስንሻው" የሚለው ሞተርም የለም። ስንሻው በዚያ ቀን እራቱን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በላ።

ሲያስብ፣ ሲያስብ አንድ ብልሃት መጣለት። ሌላ ጌጅ፣ ማኅተሙን ሳይነካ ከውጭ የሚያስራት ጌጅ ቢያገኝ፣ ሻምበሉ ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያይ ነበር። ለንብረት ክፍሉ ሬዲዮ አደረገ። ነገሩ ክብር እንዲኖረው ብሎ "ጌጅ" አላለም፤ "የሞተር ዘይት ግፊት መለኪያ እንዲላክልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ" አለ። ዝናቡ መሥመሩን እየቆራረጠው ከዚያ ሁሉ ቃል ማዶ የደረሰችው "መለኪያ" የምትለዋ ብቻ ነበረች።

ንብረት ክፍሉም "ውይ ምስኪን! እኔስ ብሆን እዚያ ኮረብታ ላይ ሌላ ምን እጠይቃለሁ?" ብሎ በጭድ የታሸገ አንድ ካርቶን ሙሉ የአረቄ መለኪያ ላከለት።

ሰፈሩ በደስታ ፈነዳ። "ሾፌር ይባረክ! ሾፌር ዘላለም ይኑር!" ተባለ። አረቄ ግን ለመድኃኒት እንኳ አልነበረም። ወታደሮቹ የዝናብ ውኃ እየቀዱ "ለጤናችን!" ሲባባሉ፣ በውኃው ሰክረው ሲዘፍኑ አመሹ፤ አንደኛውማ በማግሥቱ ራሴን አመመኝ ብሎ ሥራ ቀረ። ካርቶኑ ዞሮ ዞሮ ስንሻው ጋ ሲደርስ የቀረው ጭዱ ብቻ ነበር። ያንንም አንዱ ለትራስ እፈልገዋለሁ ብሎ ወሰደው።

ከምንጩ ከፍ ብሎ አንድ መንደር አለ፤ መንደሩ መግቢያ ላይ ሥራ ያቆመ ወፍጮ ቤት አለ። ባለቤቷ እትዬ ዘርትሁን ናቸው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ወፍጮው ውሎ አያርፍም ነበር፤ ከእህሉ ይልቅ የሚፈጨው ወሬ ይበልጥ ነበር ይላሉ። ባላቸው ሲሞቱ ሞተሩን የሚያስነሳ ጠፋ። ሰዉም አህያውን ወደ ከተማው የመብራት ወፍጮ አዞረ። እትዬ ዘርትሁን ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ይከፍታሉ፣ ዱቄት የሌለበትን ወለል ይጠርጋሉ፣ ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ስንሻው ሲያልፍ ያዩታል፤ ያያቸዋል። ወታደር ነውና ሰው ፈርቶ መንገድ ይለቅለታል እንጂ ቃል አይተነፍስለትም።

ከካርቶኑ በኋላ ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ፣ በተከፈተው በር አሻግሮ አንድ ነገር አየ። የወፍጮው ሞተር ላይ ክብ የነሐስ ጌጅ። ፍሬን ያዘ፤ ወረደ።

"እንደምን ዋሉ እትዬ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና። እህል እንደሆነ ልጄ፣ አይፈጭም።"

"እህል የለኝም። ያቺን ጌጅ አይቼ ነው።"

እትዬ ዞር ብለው ጌጇን አዩአት። "እሷን? ባሌ እኮ እኔን ካየበት እሷን ያየበት ይበልጣል። ምን ታደርግልሃለች?"

"ሞተሬ በሕይወት እንዳለ ትመሰክርልኛለች።"

"መሰከረች እንበል። ለማን ትነግራለህ?"

"ለሻምበሉ። ዝናቡ ሲያባራ ይመጣል።"

"ዝናቡ እስኪያባራስ?"

ስንሻው ሰማዩን አየ፣ ጫማውን አየ። "ለማንም" አለ።

እትዬ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሱ። "እንግዲያው ዋጋዋ ወሬ ነው። ባለፍክ ቁጥር ጥሩምባ ነፍተህ ስንት እንዳለች ትነግረኛለህ። ሰው ሳያናግረኝ ይኸው ጆሮዬ ሸረሪት ሊያደራበት ነው።"

ጌጇን ከነቀጭን የመዳብ ቧንቧዋ ፈቷት። ከኦራሉ ሞተር ጎን በቡሎን የተደፈነች ትርፍ ቀዳዳ አለች። ስንሻው ቡሎኑን ፈትቶ የቧንቧዋን ጫፍ ሊያስገባ ቢል ጥርሱ አልገጥም አለ፤ የወታደር ጥርስና የወፍጮ ጥርስ መቼ ተዋውቆ! እትዬ የባላቸውን የቡሎን ቆርቆሮ አምጥተው መሬት ላይ ዘረገፉት። ከዚያ ሁሉ ዝገት መሀል በአንድ ወገን ወታደሩን፣ በሌላ ወገን ወፍጮውን የምትገጥም አንዲት የነሐስ መጋጠሚያ ተገኘች። ሳሙና የተቀባ ቃጫ ጠቅልለውባት አጠበቋት። የመጀመሪያው ዘይት ፊጭ ብሎ የእትዬን ነጠላ አበላሸው፤ ደግመው ሲያጠብቁት ቀጥ አለ። ዳሽቦርዱን በስቶ መትከል የመንግሥትን ንብረት መብሳት ነውና፣ ስንሻው ጌጇን እንደ ክታብ በሽቦ አስሮ መስታወቱ ሥር አንጠለጠላት።

ሞተሩ ተነሳ። ቀስቷ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፤ ብዙ ዘመን ያልተናገረች ናትና ጉሮሮዋን የምትጠርግ ይመስል ነበር። ስንሻው ነዳጁን ረገጠ። ቀስቷ ሽቅብ ወጥታ፣ የጤነኛ ሞተር ቁጥር የሆነው አራት ላይ ቀጥ አለች።

"አራት!" ብሎ ጮኸ።

"አራት!" አሉ እትዬ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ገና አልጠየቁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኦራሉ በወፍጮው ደጅ ባለፈ ቁጥር ጥሩምባው ይነፋል፣ "አራት!" ይባላል፣ እትዬም "ተመስገን!" ይላሉ። እንዲህ ሲባባሉ ከርመው፣ አንድ ማለዳ እትዬ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

"የመኪናውንስ ሰማሁ። አንተ ስንት ነህ?"

"እኔማ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

"እሱንማ እኔም ባሌን በቀበርኩ ማግሥት ብዬዋለሁ። ደህና ማለት የተጣበቀ ቀስት ነው፤ ቤቱ ቢቃጠልም ከቦታው አይነቃነቅ። ቁጥርህን ነው የጠየቅኩህ።"

ስንሻው ቀና ብሎ የተንጠለጠለችውን ጌጅ አየ። መኪናው እንደቆመ ሞተሩ ያንጎራጉራል።

"አንድ" አለ በመጨረሻ።

"አንድ ሆነህ ነው ዳገት የምትወጣው? በል ውረድ፣ ተቀመጥ። እኔም ዛሬ ሁለት አልሞላሁ።"

ተቀመጡ። ኦራሉ ደጅ ላይ እየተንደቀደቀ፣ ወፍጮ ቤቱ ሥራ የጀመረ እየመሰለ፣ መንገደኛው ሁሉ አንገቱን እያስገባ ያይ ጀመር። አንዲት ሴትዮማ ጤፏን ተሸክማ መጥታ ተሰልፋለች አሉ።

ነገሩ በመንደሩ ተዛመተ። "እንደምን አደርክ?" ቀረና "ስንት አደርክ?" ሆነ። "አማቴ ከመጣች ወዲህ አንድ ተኩል።" "ጥርሴን ተነቅዬ ሦስት ገባሁ።" የሚያንኮራፉ ውሾች ሳይቀሩ ቁጥር ቆጠሩ የሚል አለ፤ እሱን እንኳ እኔም አላምንም። ግን አንድ ኩሩ ሽማግሌ ነበር፣ ዘመኑን ሁሉ "ደህና" ሲል የኖረ። እሱ አንድ ጠዋት "ሩብ" አለ። የቤቱ ጣሪያ ከወረደ መክረሙን ጎረቤቱ ያወቀው ያን ቀን ነው፤ ያን ቀን ሣር ይዘው ወጡለት።

ኮረብታው ላይ ግን ያው ነው። ስንሻው ዳገቱን ጨርሶ ውኃውን ሲያወርድ "ሾፌር፣ ዛሬ ዘገየህ!" ይባላል እንጂ "ስንት ዋልክ?" የሚለው አልነበረም። የወፍጮዋ ጌጅ በላይኛው አገር ቋንቋዋ አይሰማም።

ዝናቡ አባራ። ሻምበል አምሃ ሰንሰለት የጫነ መኪና አስከትሎ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፎ፣ ተረከዝ ከተረከዝ አጋጭቶ ተቀበለው። የሻምበል ነገር እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሰላምታ ይሰጠዋል፣ ሰላም የሚለው ግን የለም።

ኦራሉ ውስጥ ወጥቶ አንዴ ታች፣ አንዴ ላይ አየ።

"ይህች የተንጠለጠለች ምንድን ናት?"

"የወፍጮ ጌጅ ናት ጌታዬ።"

"አራት ትላለች።"

"አዎ ጌታዬ።"

"የመንግሥቷ ዜሮ ትላለች።"

"አዎ ጌታዬ።"

"እና መንግሥትን ትቼ ወፍጮ ልመን?"

"ማንንም አይመኑ ጌታዬ። አንድ ጊዜ አብረን ውኃ ቀድተን በዳገቱ እንመለስ። ሞተሩ ከሞተ ፊትዎ ይሞታል፤ ያኔ ሰንሰለቱን ራሴ አስርልዎታለሁ፣ ማማውም ላይ እወጣለሁ።"

ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። "ንዳ" አለ።

ቁልቁል ወረዱ። ወፍጮው ጋ ሲደርሱ የስንሻው እጅ ልማዱ ሆኖ ጥሩምባውን ነፋው፤ አፉም ተከተለ። "አራት!"

"ሦስት ተኩል!" አሉ እትዬ ከደጃፋቸው። "የጎኔ ውጋት ለቀቀኝ!"

"እኔ ሁለት!" አለ ከእርሻው መሀል አንድ ገበሬ። "በሬዬ ታሞ!"

ሻምበሉ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። "አቁም! ይሄ ምንድን ነው? የጦር ሰፈር ምስጢር በቁጥር ለመንደር ታስተላልፋለህ?" ከመኪናው ዘሎ ወርዶ እትዬ ፊት ቆመ። "ሦስት ተኩል ምንድን ነው? የጠመንጃ ቁጥር ነው?"

"ተኩል ጠመንጃ የት አገር አይተዋል ጌታው?" አሉ እትዬ፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ። ከዚያም ቀስ ብለው ከጌጇ ጀምረው እስከ ሽማግሌው ጣሪያ ድረስ ነገሩት።

ሻምበሉ አንዲት ቃል አላመነም። ነገሩን ለመቁረጥ ወደ ኦራሉ ተመለሰ፣ በኪሱ ጩቤ የእርሳሱን ማኅተም በጠሰ፣ የመንግሥትን ጌጅ ጨብጦ ሳባት። እንደ በሰለ ፍሬ እጁ ላይ ወደቀች። ከጀርባዋ ሽቦዋ ተበጥሳ ተንጠልጥላለች። አይጥ በልቷታል።

ብዙ ጊዜ አገላብጦ አያት። "ይህን ሁሉ ወራት ሞተሩ እየሠራ ነበር?" አለ።

"እየሠራ ነበር ጌታዬ። የሚናገርለት ብቻ ነው ያጣው።"

ሻምበሉ የሰንሰለቱን መኪና በሬዲዮ ጠርቶ ባዶውን እንዲመለስ አዘዘ። ኦራሉ ቀረ፤ ማማውም ሌላ ሰው ይፈለግለት ተባለ። ከዚያ ወዲህ፣ ኦራሉ ውኃ ሊቀዳ በወረደ ቁጥር ከሰፈሩ ወታደሮች አንዱ ተራ ይዞ ከስንሻው ጋር እንዲወርድ ሆነ። ወደ ዳገቱ ሲመለሱ ስሙን ያልጠየቀው አንድም አልነበረም ይባላል።

እዚህ ላይ ታሪኩን ልቋጨው፣ ትምህርቱንም እንዲህ ብዬ ላስቀምጥላችሁ ነበር፦ ሰው ዝም ስላለ ሞቷል አትበሉ፣ "ደህና ነኝ" ስላለም ደህና ነው አትበሉ፤ ሰንሰለት ከማምጣታችሁ በፊት ቁጥሩን ጠይቁት። እናንተስ ዛሬ ጠዋት "ደህና" ብላችሁ ያለፋችሁት ሰው፣ እውነቱን ብትነግሩት ስንት ትሉት ነበር? እንዲህ ብዬ ልጨርስ ነበር፤ ግን እኔ ከማውቀው በተሻለ አድርጎ የጨረሰው ሰው አለ።

ያን ዕለት ከወፍጮው ደጅ ሻምበሉ ወደ መኪናው ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ፣ እትዬ ዘርትሁን ከኋላው ተጣሩ።

"ጌታው! እርስዎስ ስንት አደሩ?"

"እኔ ደህ..." ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። ገበሬው በሬውን ትቶ ይመለከተዋል፤ ስንሻው መሪውን ይዞ ይጠብቃል። ሻምበሉ ኮሌታውን ላላ አደረገ፣ ግራና ቀኝ አየ፣ እንደዚህ ያለ ጥያቄ በየትኛው ማዕረግ እንደሚመለስ የማያውቅ ሰው መሰለ።

"ዜሮ" አለ፣ ለራሱም በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ ዘርትሁን ማዕረጉንም አንቱታውንም ረስተው ብድግ አሉና ክንዱን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

"አይዞህ ልጄ! ሞተርህማ ይሠራል፤ ሽቦህ ነው የተበጠሰው!"